ከለቅሶ ቤት አልነሳም ያለው ቁልፍ

ይህ ተረት ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም። ያለበት ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ፣ አንድ ማሽንና አንድ ቁልፍ ነው። የቸኮለ ካለ ቁጭ ይበል፤ በዚህ ተረት ውስጥ የምትቸኩለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷ ትበቃናለች።

ሴትዮዋ እናኑ ትባላለች። ባሏ ይርሳው ግንበኛ ነው፤ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሲገነባ የራሱን ሳይጨርስ የቀረ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከባህር ዛፉ መወጣጫ እግሩ ከዳውና በጭንቅላቱ መጣ። ወዲያው ተነሳ ደግሞ። አቧራውን አራግፎ «መሬቷን ፈትሻት መጣሁ፣ ደህና ናት» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ራሴን አለ። ከዚያ አስመለሰው። ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው። ጓደኞቹ ከነመሣሪያ ቦርሳው አፋፍሰው ሆስፒታል ሲያስገቡት እናኑ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ሱራፌል ገና ወጣት ነው። የይርሳውን ዓይን በባትሪ አየ፣ ክንዱን ቆነጠጠ፣ ከዚያ እናኑን ወደ ጎን ጠራት።

«እትዬ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ይመስለኛል። አንጎሉን ሳይጫነው ከፍቼ ማውጣት አለብኝ።»

«ይክፈቱታ ዶክተር! ምን ይጠብቃሉ?»

«በየት በኩል እንደሆነ አላውቅማ! ራጅ የሚያሳየኝ አጥንቱን ነው፤ አልትራሳውንድም የራስ ቅል አልፎ አያይልኝም። ሲቲ ስካን ነው አንጎሉን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆረጠ ደሙ የት እንደተኛ የሚያሳየኝ። በግራ ከፍቼ ደሙ በቀኝ ቢሆንስ? ገዳዩ እኔ ነኝ። አንዲት ፎቶ ብቻ አምጪልኝ።»

እናኑ የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ቤት አይደለ፣ ሀብት አይደለ፣ አንዲት ፎቶ። ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ይርሳው፣ ፎቶ ላስነሳህ ነው።»

«ፀጉሬን ሳልቆረጥ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እሷ ሳቀች። ሆዷ ግን አልሳቀም።

ወደ ራጅ ክፍል ሮጠች። ባለሙያው ቢምረው በሩን ከፍቶ ማሽኑን አሳያት፤ ነጭ፣ ትልቅ፣ መሃሉ ሰው የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ያለው። «ይኸውልሽ» አላት። «ግን መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ያለ መብራት ይኼ ቁም ሣጥን ነው። ጀነሬተሩ ይነሳ እንጂ ለእኔ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።» አምስት ደቂቃ የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ ጓሮ ሮጠች። የጀነሬተሩ ጠባቂ ጀሪካኑን ገልብጦ አሳያት። አንድ ጠብታ የለም። እንግዲህ ጀነሬተሩ ያለ ናፍጣ አልነሳም አለ፤ ማሽኑ ያለ መብራት አላይም አለ፤ ዶክተሩ ያለ ፎቶ አልከፍትም አለ። ይርሳውም ይተኛል።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሮጠች። ሹሙ ጋሽ ደርብ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩዋት።

«ናፍጣውስ ሞልቷል ልጄ፣ አንድ በርሜል ሙሉ አለ። ግን የዕቃ ማውጫው ወረቀት፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ማህተም ካላረፈ አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ሰው እየሞተብኝ ነው!»

«አውቃለሁ። ከእኔ በፊት እዚህ ለነበረውም እንዲሁ አሉት። አዘነና ሃያ ሊትር ያለ ማህተም ሰጠ። በሽተኛው ዳነ፣ እሱ ታሰረ።»

ጋሽ ደርብ ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን ራሳቸው ሞሉት፣ ፈረሙበት፣ «ሮጥ በይ» አሏት። በተረታችን ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። እናም በርሜሉ ያለ ወረቀት አልቀዳም አለ፤ ወረቀቱ ያለ ማህተም አልሠራም አለ፤ ጀነሬተሩ ያለ ናፍጣ አልነሳም አለ፤ ማሽኑ ያለ መብራት አላይም አለ፤ ዶክተሩ ያለ ፎቶ አልከፍትም አለ። ይርሳውም ይተኛል።

በመንገዷ አልጋው ጋ ጎራ አለች። «ይርሳው» አለችው። ቆየና «እናኑ» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ጽሕፈት ቤት ስትደርስ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የብረት ካዝና ቆሟል።

«ማህተሙ እዚያ ውስጥ ነው» አለቻት። «ቁልፉ ግን ማህተም ያዥዋ ጋ ነው፤ እትዬ ፈንታነሽ ጋ። እሷ ደግሞ ለቅሶ ላይ ናት። አክስቷ ሌሊት አርፈው።»

«ደውዪላታ!»

«ስልኳን ዘግታዋለች። ባትዘጋውስ? ያሳደጓት አክስቷ ሞተውባት ሐዘንተኛ ቁልፍ አምጪ ትባላለች እንዴ? ነውር ነው እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው መለስን። እዚያ በር ላይ እንኳ ሁለት ሽማግሌዎች ወረቀት ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ ለቅሶ ላይ ናት ስንላቸው እግዜር ያጥናት ብለው ይጠብቃሉ።»

እውነቷን ነው፤ እኛ አገር ሐዘንተኛ አይታዘዝም። ብላ ጠጣ ይባላል እንጂ ይህን ስጠኝ ያን አምጣ አይባልም። ደግ ልማድ ነው። ደግ ልማድም ሰው ይገድላል ቢሉኝ እኔ አላምንም ነበር፣ እናኑን ባላውቃት ኖሮ።

ቆጥራችሁ ያዙልኝ እንግዲህ፦ ቁልፉ ከለቅሶ ቤት አልነሳም አለ፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ ከካዝና አልወጣም አለ፤ ወረቀቱ ያለ ማህተም አልሠራም አለ፤ በርሜሉ ያለ ወረቀት አልቀዳም አለ፤ ጀነሬተሩ ያለ ናፍጣ አልነሳም አለ፤ ማሽኑ ያለ መብራት አላይም አለ፤ ዶክተሩ ያለ ፎቶ አልከፍትም አለ። ይርሳውም ይተኛል።

እናኑ እንደገና ወደ አልጋው ሄደች። ሰባት ሰዓት አልፏል። «ይርሳው፣ መጣሁ» አለችው። መልስ የለም። ጣቷን መዳፉ ውስጥ ብታደርግ ጨበጥ አደረጋት፤ ደካማ ነበር፣ ግን ጨበጠ። ዶክተሩ ራስጌው ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ቶሎ» አላት።

«ነውር ከሆነም ነውረኛዋ እኔ ልሁን» ብላ ወጣች።

ለቅሶ ቤቱ ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ካለው ሰፈር ነው። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ምንም ብትቸኩል ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንጂ ቆመው አይናገሩምና አጠገቧ ካገኘችው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፈንታነሽ በሴቶች መሃል ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ አብጦ፣ መሬት መሬት ታያለች። አጠገቧ እንባ እንጂ ሥራ የሚነግራት የለም። እናኑ ጎኗ የተቀመጡትን ሽማግሌ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ምኑን አውቀነው ልጄ፤ አስከሬኑ ከሆስፒታል አልወጣም።»

«ለምን?»

«የመውጫ ደብዳቤው ማህተም ይፈልጋል አሉና። ሁለት ሽማግሌ ልከን እስካሁን አልተመለሱም። ማህተም ያዥዋ፣ ማን እንደሆነች እንኳ አናውቃት፣ የለችም ብለዋቸው ይሆናል።»

«ፈንታነሽ ይህን ታውቃለች?»

«ኧረ ወዲያ! ሐዘንተኛ በወረቀት ይነካል?»

እናኑ በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማች። ሳቅ ይሁን እሪታ ለይታ አላወቀችውም። ሬሳው ያለ ማህተም አልወጣም ብሏል፤ ለቅሶው ያለ ሬሳ አልበተንም ብሏል፤ ቁልፉ ለቅሶው ሳይበተን አልነሳም ብሏል፤ ማህተሙ ያለ ቁልፍ ከካዝና አልወጣም ብሏል፤ ወረቀቱ ያለ ማህተም አልሠራም ብሏል፤ በርሜሉ ያለ ወረቀት አልቀዳም ብሏል፤ ጀነሬተሩ ያለ ናፍጣ አልነሳም ብሏል፤ ማሽኑ ያለ መብራት አላይም ብሏል፤ ዶክተሩ ያለ ፎቶ አልከፍትም ብሏል። ሟችም ታማሚም አንድ ቁልፍ እየጠበቁ፣ ቁልፉ ደግሞ ሟቿን እየጠበቀ ተቀምጧል።

ተነሳች። ሽማግሌው ነጠላዋን ቢይዟት አመለጠቻቸው። ፈንታነሽ ፊት ተንበረከከች።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ። አክስትሽን የያዘብሽ አንቺ ጋ ያለው ቁልፍ ነው። ባሌንም የያዘብኝ እሱ ነው።»

 ፈንታነሽ እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች፤ ቁልፉ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታስሮ ነበር። አየችው። ከዚያ ጮኸች፤ ጫማዋን እንኳ ሳትፈልግ በካልሲዋ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች በጠጠራማው የፒስታ መንገድ ጎን ለጎን ሮጡ።

ቁልፉ ከለቅሶ ቤት ተነሳ፤ ካዝናው ተከፈተ፤ ማህተሙ ወጣ፤ ወረቀቱ ተመታ፤ በርሜሉ ቀዳ፤ ጀነሬተሩ አጓራ፤ መብራቱ በራ፤ ማሽኑ ዞረ። ቢምረው እንዳለውም አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ይርሳው ወደዚያ ክብ ቀዳዳ ሲገባ እናኑ ጣቷን መዳፉ ውስጥ አድርጋ ነበር። መዳፉ አልጨበጠም።

ዶክተር ሱራፌል ፎቶውን ሲያይ ትንፋሹን ዋጠ።

«ይቺ ነጯ ምንድን ናት?» አለች እናኑ።

«ደሙ ነው። በቀኝ በኩል።» ጣቱ መሃል ላይ ያለችውን መስመር ተከተለ። «ይቺ ቀጥ ማለት ነበረባት። ወደ ግራ ገፍቷታል።»

ከፈተው፤ ደሙን አወጣ፤ እጁ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጥቶ እናኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አልዋሻትም። «ይህን ፎቶ ረፋዱ ላይ አይቼው ቢሆን ኖሮ በእግሩ ይሄድ ነበር» አላት። እናኑ ያን ጊዜ ጮኸች፤ ጋሽ ደርብ ዕቃ ቤት ድረስ ሰሟት።

በማግስቱ ጠዋት የባሏን አስከሬን የመውጫ ደብዳቤ ልታስመታ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ፈንታነሽ ከል ለብሳ ወንበሯ ላይ አለች። አክስቷን በዚያው ዕለት ቀብራ፣ ሐዘኗን ትታ መጥታለች። ካዝናው ክፍት ነው፣ ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መብራቱም መጥቷል። ዷ! አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም። ምንም እምቢ ያለ ነገር አልነበረም።

ሁለቱ ተያዩ። እናኑ ከትከሻዋ የይርሳውን የመሣሪያ ቦርሳ አወረደች። መዶሻውን አወጣች፣ አንድ ትልቅ ምስማር መረጠች፣ ከካዝናው ጎን ግድግዳው ላይ በሦስት ምት ተከለችው። የግንበኛ ሚስት ናት፣ አላጣመመችውም።

«እዚህ ስቀዪው» አለቻት። «ሐዘን ብትሄጂ፣ ሠርግ ብትሄጂ፣ ብትሞቺም እዚህ ይቅር።»

ፈንታነሽ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ አውልቃ ሰቀለችው።

ካዝና ቁልፉ አጠገቡ ከተሰቀለ ምኑን ካዝና ሆነ የሚል ኦዲተር አይጠፋም። ይበል። እናንተ ግን በዚያ በኩል ብታልፉና ባዶውን ምስማር ብታዩ፣ ተረቴን ባትመልሱልኝም ግድ የለኝም፤ ቁልፉን ግን መልሱት።