ታንኩ ሙሉ ነበር

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ወደ ካፊያ ተለውጧል።

አንድ መካኒክ የወፍጮ ሞተር ሊጠግን ከከተማ ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ መጣ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ አንድ ሰው በጭቃው ውስጥ እየሮጠ ደረሰበት። ታረቀኝ ይባላል። ሚስቱ የሺመቤት ሆዷን በቀኝ በኩል ይዛ ስታቃስት አድራለች። የጤና ኬላዋ ነርስ አይታት፣ «ትርፍ አንጀት ነው፤ ሳይፈነዳ ሆስፒታል አድርሷት» ብላለች።

መኪና አይገባም። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፤ የቀረው እግረኛ የሚሻገርበት ጠባብ የእንጨት መሸጋገሪያ ነው። ሞተር ሳይክል ግን ያልፍበታል።

ሞተር ሳይክልስ አለ? አለ! የደብሩ ምእመናን ከሰባት ዓመት በፊት አዋጥተው የገዙት፣ ለዚሁ ጉዳይ፣ በሽተኛ ሊያደርሱበት የገዙት ሞተር ሳይክል አለ። መዋጮውን ቤት ለቤት ዞራ የሰበሰበችው ማን ነበረች? ይህችው የሺመቤት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ መካኒኩ።

«ቁልፍ» አለ ታረቀኝ።

ሞተር ሳይክሉ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሰዎች ይይዙታል፤ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም። ለመስቀሉና ለጽዋው የተሠራ ሥርዓት ነው፤ መልካም ሥርዓት ነው። ጽዋው ይጠብቃል። ትርፍ አንጀት ግን ሦስተኛውን ቁልፍ ያዥ ይጠብቃል? ሰውዬው ወንዝ ማዶ ለቅሶ ሄዶ ነበር።

መካኒኩ አንድ ሰዓት ታገሠ። ከዚያ ከቦርሳው መዶሻ አወጣ።

«አንተ ሰው!» አሉ የደብሩ ገበዝ መምሬ አንዳርጌ። «የቤተ ክርስቲያን በር ልትሰብር?»

«መምሬ፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው።»

«እግዚአብሔር ያውቃል። አንተ ታገሥ።»

ታገሠ። በሩ የተከፈተው ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ ከለቅሶው ሲመለስ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው።

ሞተር ሳይክሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ጨርቁ ሲገለጥ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። መካኒኩ ቆጣሪውን አየ፤ ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር። ከተገዛበት ከተማ እስከዚህ ያለው መንገድ ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው።

«በየዓመቱ ለንግሥ ገፍተን እናወጣዋለን» አሉ መምሬ አንዳርጌ፣ ደስ እያላቸው። «እናጥበዋለን፤ እንወለውለዋለን፤ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ደግሞ ባዶ እንዳይመስልህ። ለክፉ ቀን ብለን ታንኩን ሞልተን ነው ያስቀመጥነው።»

መካኒኩ የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። የሸተተው ቤንዚን ቤንዚን አይልም፤ የከረመ ቀለም ቀለም ይላል። ማስነሻውን በእግሩ ረገጠ። አንዴ፣ አሥሬ፣ ሠላሳ ጊዜ። ሞተሩ አላስነጠሰም። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ካርቡሬተሩን ፈታ፤ ውስጡን በጣቱ ጠረገና ጣቱን ወደ ገበዙ አቀና።

«መምሬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው፣ ልጄ?»

«ቤንዚኑ ነው! ለክፉ ቀን ያላችሁት ቤንዚን! ተቀምጦ ተቀምጦ ሙጫ ሆነ። ይህቺን ቀዳዳ ያዩዋታል? ከመርፌ ዓይን ትጠባለች፤ ሞተሩ የሚጠጣው በእሷ ነው። ደፈናት! ሌባ ቢወስደው ይሻል ነበር። ሌባ እንኳ ይነዳው ነበር!»

«አፍህን ሰብስብ!»

የሺመቤትን በሰሌን አድርገው ከቅጥሩ በር አስጠግተዋታል። ላይዋ ላይ ጃንጥላ ተይዟል። «ተዉት መምሬ» አለች በተቆራረጠ ድምፅ። «መዋጮውን ስለቅም የስንቱ ውሻ ጮኸብኝ መሰለዎት። አሁን ደግሞ ይህ ሰው ይጩህልኝ።»

መካኒኩ ዙሪያውን የቆመውን ወንድ ሁሉ ተመለከተ። «ይህ ሁሉ ትከሻ እያለ ለምን በቃሬዛ አልወሰዳችኋትም?»

አንዱ ሽማግሌ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «የቃሬዛ ተራችን ፈረሰ እኮ። ሞተር ከተገዛ ወዲህ ማን ይሸከማል ብለን ተውነው። እንጨቱንም ለአጥር አዋልነው።»

ሰማችሁ? ያልተነዳው ሞተር ይሸከም የነበረውን ትከሻ ጭምር ወሰደ።

መካኒኩ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። አሮጌውን ቤንዚን ደፋ። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘዘ፤ ቀዳዳዋን ወጋ፤ በአፉ ነፋ፤ ለዕቃ ማጠቢያ በያዘው ንጹሕ ቤንዚን አጠበ። አንዷ ቀዳዳ ስትከፈት ሌላዋ ተደፍና አገኛት። ማቃሰቷን እየሰማ እንደገና ወጋ።

ድንገት ማቃሰቱ ቆመ። «ተሻለኝ» አለች የሺመቤት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቀቀኝ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። መምሬ አንዳርጌ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። አብራት የመጣችው ነርስ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። «ፈንድቶ ነው! የፈነዳ ጊዜ ነው ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ የሚለቀው!»

ሞተሩ ከዚያ በኋላ ተነሣ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። መካኒኩ የተረፈውን ንጹሕ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ጨመረ፤ እሷን ከጀርባው፣ ባሏን ከእሷ ጀርባ አድርጎ ነዳ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ታረቀኝን፣ «ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ በአራተኛው ቀን ቤቷ ትገባ ነበር» አለው።

አሁን በመምሬ አንዳርጌ ተቆጥታችኋል፤ ፊታችሁ ይናገራል። ቆዩ። መምሬ አንዳርጌ አልሰረቁም። አልዋሹም። ጠበቁ። እናንተስ ምን እየጠበቃችሁ ነው?

ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት ተምራችሁ ጡረታ የወጣችሁ፣ ጎረቤታችሁ የስኳር መርፌውን የሚወጋው አጥቶ ደጅ ለደጅ ሲዞር በራችሁ የተዘጋው ለምንድን ነው? ብርድ ልብሱን በሳጥን ቆልፋችሁ በዓመት አንዴ ፀሐይ የምታሰጡ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማን ሲንቀጠቀጥ እንደሚያድር አልሰማችሁም? ከወንድማችሁ ጋር ተኳርፋችሁ «የታመመ ቀን እታረቀዋለሁ» የምትሉ፣ ያን ቀን ምላሳችሁ እንደሚላቀቅ ማን ዋስ ሆናችሁ?

«ለክፉ ቀን ነው» ትላላችሁ። የማን ክፉ ቀን? የእናንተው ገና ይሆናል። የጎረቤታችሁ ግን ዛሬ ጠዋት መጥቷል፤ በራችሁ ላይ ቆሟል፤ እናንተም ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል ትሉታላችሁ!

ሞልተን አስቀምጠናል ብላችሁ አትመኩ። በእግዚአብሔር ፊት በምትቆሙበት ቀን የሚነበበው ቆጣሪው ነው። ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ፣ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ፣ የቆለፋችሁትን ክፈቱ። ነገ አትበሉ። የሺመቤትም በሕይወት ተርፋለች፤ ስለዚህ ምንም አልሆነም የሚል ከመካከላችሁ ቢኖር ይህን ይስማ።

ከሆስፒታል የወጣችው በሃምሳ አንደኛው ቀን ነው።