በዳንቴል ሥር የደረቀ ስኳር

አንዲት የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበረች።

ጥያቄሽን ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም፣ ልጄ። «የበደልኳትን ጎረቤቴን ቤቷ ድረስ ሄጄ ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እሷም ይቅር ብላኛለች። ታዲያ ባየኋት ቁጥር ለምን አንገቴን እደፋለሁ?» ነው ያልሽኝ። መልሴ ያለው እዚህች ሴት ዘንድ ነው። ቁጭ በይና ስሚኝ።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ሥራዋን የምታከብር፣ ንጽሕና የምትወድ፣ ከሰው ፊት መዋረድን ግን አብዝታ የምትፈራ ሰው ነበረች። እጇም ሥራ ያውቃል። በቢሮው ውስጥ ላለው ኮምፒውተር ሁሉ፣ ለፕሪንተሩም ለኪቦርዱም ሳይቀር፣ ነጭ ዳንቴል ሠርታለታለች። ሠራተኛው ማታ ማሽኑን ሸፍኖ ይወጣል፤ ጠዋት ገልጦ ይሠራል። ዳንቴሉ ሲቆሽሽ ቤቷ ወስዳ ታጥበዋለች። ሲደርቅ ገተር ብሎ እንዲቆምም ስኳር በውሃ በጥብጣ ትነክረዋለች። እናቷ የሶፋውን ዳንቴል እንዲሁ ስታደርግ አይታ ነው ያደገችው።

በዚያው ቢሮ ተካልኝ የሚባል ጸሐፊ ነበር። ጎልማሳ፣ የልጆች አባት፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። የፈተና ወረቀት የሚተይበው እሱ ነበር። የፈተና ጥያቄ በእጁ የሚያልፍ ሰው ምን ያህል እንደሚታመን አንቺም ታውቂያለሽ። ሻይ ሲጠጣ ስኳር ያበዛል፤ በዚህ መምህራኑ ሁሉ ያሾፉበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ኃላፊዋ ዳንቴሎቹን ሁሉ ሰብስባ አጠበች፣ በስኳር ውሃም ነከረች። ዝናቡ ግን አላባራ አለ፤ ዳንቴሉ ሳይደርቅ ዓርብ ደረሰ። «እዚያው ማሽኑ ላይ ሆኖ ይደርቃል» አለችና፣ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ እርጥቡን እያነጠፈች ሸፋፈነችው። በጸሐፊው ኪቦርድ ላይ ያረፈው ከሁሉም ትልቁና ከሁሉም እርጥቡ ነበር፤ መሐሉ ላይ የአበባ ጥልፍ ያለው።

ሰኞ ጠዋት ተካልኝ ዳንቴሉን ገፎ አጣጠፈ፣ ኮምፒውተሩንም ከፈተ። የፈተናውን ርእስ ሊጽፍ ገና አንድ ቃል እንደጀመረ ስክሪኑ «ህህህህህህህ» እያለ ሞላ። አጠፋው፤ እንደገና ሞላ። ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ያው ነው።

የሒሳብ መምህሩ በበር በኩል አንገቱን አስግጎ፣ «ተካልኝ፣ ምን ብትነግረው ነው ማሽኑ እንዲህ የሚስቅብህ?» አለው።

«እኔም ቢነግረኝ አብሬው በሳቅሁ!» አለ ተካልኝ። ላብ ግን ጀምሮታል። ፈተናው ገና አልታተመም።

በዚህ መሐል እንግዶቹ ገቡ። ኃላፊዋ በእንግዶቹና በሚስቀው ስክሪን መካከል ቆመች፤ ፊቷ ነደደ። የጥገና ባለሙያ ተጠራ። ሰውየው ሌላ ኪቦርድ አምጥቶ ሰካ፤ ማሽኑ ደህና ጻፈ። የታመመውን ኪቦርድ ደግሞ ወስዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ እዚያም «ህህህህ» አለ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ ባለሙያው። «ችግሩ በሄደበት ተከትሎታል፤ ስለዚህ የኪቦርዱ ነው።» ገልብጦ አየው፣ አንዱን ፊደል በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ጣፋጭ ነገር ፈሶበት ደርቋል። ፊደሉን ይዞታል።»

«ጣፋጭ?» አለች ኃላፊዋ። እንግዶቹ እያዩዋት ነው። አንድ ነገር መናገር ነበረባት፤ ጣቷም ከአሳቧ ቀድሞ ወደ ተካልኝ ተቀሰረ። «ሻይ ነዋ! በዚህ ቢሮ ስኳር በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ የሚጨምር ሌላ ማን አለ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሻዬን ክበብ ሄጄ ነው የምጠጣው። እዚህ አስገብቼም አላውቅ።»

«ጭራሽ በእንግዳ ፊት ትከራከረኛለህ?»

ተካልኝ ዝም አለ። ዝምታውን ሁሉም እንደ ማመን ቆጠረው። በሳምንቱ ከጽሕፈት ቤቱ ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ፤ ለመምህራን ጠመኔና ዳስተር እንዲያድል። የፈተናውን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው።

ስምም ወጣለት። «ስኳሩ» አሉት። ክበብ ሲገባ አንዱ «ስልካችሁን አንሡ፣ ስኳሩ መጣ!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መጀመሪያ አካባቢ እሱም ይስቅ ነበር። ቆይቶ ሻይ መጠጣቱን ተወ። የግምጃ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት የቆመ ዕለት፣ «እዚያም ነካካው እንዴ?» ተባለ። ባለሙያው ኪቦርዱን ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ እንደሞከረው፣ እነሱም ሰውየውን ሌላ ቦታ ተክለው ጥፋቱ ይከተለው እንደሆነ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። የተጠረጠረ ሰውን ደግሞ የማይከተለው ነገር የለም።

የትምህርት መዝጊያው በዓል ሲቃረብ ኃላፊዋ ዳንቴሎቿን እንደገና አጠበች፣ በስኳርም ነከረች። ያን ቀንም ፀሐይ አልወጣም። ባለ አበባውን ትልቁን ዳንቴል እንደረጠበ በዚህ ጊዜ በራሷ ኪቦርድ ላይ አንጥፋ ሄደች። በማግስቱ ከሰው ሁሉ ቀድማ ገባች። ዳንቴሉን ብድግ ስታደርገው ኪቦርዱ አብሮ ተነሣ።

ከዚያ ተላቆ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ጎንበስ ብላ አየች። በፊደሎቹ ላይ፣ ነጣ ብሎ፣ የራሷ የአበባ ጥልፍ ታትሟል። ጣቷን አስነክታ ቀመሰችው። ስኳር ነው።

ወዲያው ማመን አልቻለችም፤ ወይም አልፈለገችም። ኮምፒውተሯን ከፈተች። «ህህህህህህ።» ዘጋችው፣ ከፈተችው። ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች። በመጨረሻ ኪቦርዱን ይዛ ተካልኝ ይሠራበት ወደነበረው ጠረጴዛ ሄደች፤ ባለሙያው እንዳደረገው እዚያ ሰካችው፤ እዚያ ሲደርስ ሳቁን ቢተወው ብላ ተመኘች። አልተወውም። ስክሪኑ በዚያው ሳቅ ሞላ።

መጀመሪያ የመጣላት አሳብ ስለ ተካልኝ አልነበረም። «ማን አየኝ?» የሚል ነበር። ኋላ ላይ ነገሩን ስታስብ ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይኼ ነው። በሩን ዘግታ ከመሳቢያ ሌላ ኪቦርድ አውጥታ ለራሷ ሰካች። የተበላሸውን፣ ከነዳንቴሉ ጠቅልላ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ሠራተኞቹ ሲገቡ ቁጭ ብላ ወረቀት ታገላብጥ ነበር።

ግን አልቻለችም። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ግምጃ ቤት ወረደች። ተካልኝ የጠመኔ ካርቶን ይደረድራል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው። እሷ ግን መቀመጥ አቃታት። «በድዬሃለሁ። ሻይ አልነበረም። የኔ ዳንቴል ነው፤ በስኳር ነክሬ እርጥቡን አልብሼው ነው።»

የጠመኔውን ዱቄት ከእጁ አራገፈ።

«እኔስ እኮ እትዬ፣ ሳላውቀው አፍስሼ ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አላት። «ቤትም ሚስቴ፣ ‹አንተ ሰው፣ እስቲ ረጋ ብለህ አስታውስ› ስትለኝ ነው የከረመችው።»

ይህን ስትሰማ ዕንባዋ መጣ። እሱ ደንገጥ ብሎ፣ «ኧረ ይተዉ እትዬ! ይቅር ብያለሁ። በቃ፣ አለፈ» አለና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

እዚህ ላይ ብታበቃ ደግ ነበር። እሷ ግን በር ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ተካልኝ... ነገሩ በኔና ባንተ መካከል ይቅርልኝ። ሰው ባይሰማው ደስ ይለኛል።»

ወደ ካርቶኖቹ ተመልሶ ነበር። ፊቱን ሳያዞር፣ «እሺ እትዬ፣ አልናገርም» አለ።

በማግስቱ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው መለሰችው። ለሠራተኛው፣ «ሥራ ስለበዛ ነው» ብላ ነገረች። ከባዱ ያለፈ መሰላት፤ ይቅርታውን አግኝታለች፣ ሰውየውም ቦታው ተመልሷል። የሚቀር ነገር ያለ አልመሰላትም።

ከክፍሏና ከጸሐፊዎቹ ክፍል መካከል ያለው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። «ስኳሩ ተመለሰ፣ ማሽናችሁን ደብቁ!» ይላሉ። ተካልኝ ይስቃል። አንድም ቀን «እኔ አይደለሁም» ሲል አልሰማችም። በሳቀ ቁጥር ቃሉን እየጠበቀላት እንደሆነ ታውቃለች። ሰላም ሊላት ብቅ ሲል ወረቀት የምታነብ መምሰል ጀመረች። እሱ ይቅር ብሏታል፤ እሷ ግን ዐይኑን ማየት አልቻለችም።

አንድ ቀን የመዝገብ ሠራተኛዋ ጮኸች። «ውይ! ማውሴ እምቢ አለኝ፤ አይነቃነቅም። ተካልኝ! አንተ ነክተኸው ነበር?»

ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ተካልኝ ከወንበሩ ተነሣና ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣ፤ እንደሚፈተሽ ሰው፣ መዳፎቹን ለሁሉም እያሳየ። «ኧረ እኔ አልነካሁም! ከቦታዬም አልተነሣሁ፤ እዩት፣ እጄ ንጹሕ ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ዐይኑ ከእሷ ዐይን ጋር ገጠመ፤ ወዲያውም ወደ ሌላ መለሰው። የመለሰው ተቆጥቶ አልነበረም። ሰው አይቶ እንዳይጠረጥር ሊሸፍናት ነበር።

እሷም ወደ ክፍሏ ገባች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ያንን ጥቅል አወጣች፤ ይዛው ወጣችና በመሐለኛው ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። ዳንቴሉ አሁንም በአንድ ጎኑ ከፊደሎቹ ጋር ተጣብቋል።

«ቅረቡ» አለች። «የሒሳብ መምህሩንም ጥሩልኝ። የሳቀ ሁሉ ይምጣ።»

መጡ። ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ያሉ ነበሩ።

«ተካልኝ ሻይ አላፈሰሰም። በስኳር የነከርኩትን ዳንቴል እርጥቡን ያለበስኩት እኔ ነኝ። በእንግዳ ፊት ያዋረድኩት በሐሰት ነው። ይኼን ካወቅሁም ቆይቻለሁ።» በእጇ የክፍሏን ኮምፔንሳቶ አመለከተች። «ለብቻው ነግሬው፣ ‹ዝም በልልኝ› ብዬ ለመንኩት። እሱ ዝም አለልኝ። ስትስቁበት በዚያ በኩል ሆኜ እሰማችሁ ነበር።»

የሒሳብ መምህሩ የሚይዘው ነገር አጣ፤ ዳንቴሉን ጎተት አደረገው፣ ሳይላቀቅ ሲቀር ተወው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ተጎንብሳ የማውሱን ገመድ አየች፤ ላልቶ ነበር። ምንም ሳትል አጠበቀችው።

ነገሩ በዚህ ተፈጸመ አልልሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌለችበት «እትዬ ስኳር» ይሏት ጀመር፤ በኮምፔንሳቶው በኩል ይህንንም ሰምታለች። ያን ጊዜ የነበሩትን እንግዶች ፈልጋ አላገኘቻቸውም፤ እነሱ ዘንድ ተካልኝ ዛሬም ሻይ ያፈሰሰ ሰው ነው፤ ይህ እንደከነከናት ቀረ። ማፈሯም አልቀረም። ግን ከዚያ ወዲህ የምታፍረው በሠራችው ነው። ከዚያ በፊት ያፈረችው፣ ይቅር ከተባለች በኋላ እንኳ፣ ገና እየሠራችው በነበረው ነገር ነው። ሐሰቱ በየቀኑ በሰው አፍ ሲነገር፣ በየቀኑ ዝም ትል ነበርና። ጠዋት ተካልኝ ሰላም ሲላት ግን አሁን ቀና ብላ ትመልስለታለች።

አንቺም እንዲሁ ነሽ፣ ልጄ። የዕድሩ ትልቁ ብረት ድስት ጠፋ ሲባል፣ በለቅሶው ድንኳን፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ የጎረቤትሽን ስም ጠራሽ። ድስቱን ለዘመድሽ ያዋስሽው ራስሽ መሆንሽ ትዝ ሲልሽ መለስሽው፤ እሷንም ጓዳዋ ገብተሽ ይቅርታ ለመንሻት። መልካም አድርገሻል። ግን ዛሬ ለቅሶ ሲኖር፣ ዕቃ ቁጠሪ ወይም ወጥ ቤት ግቢ የሚላት አለ? ድንኳኑ አፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ እጇን ሁሉም እንዲያየው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የምትውለው። አንቺ በአጠገቧ ስታልፊ እሷ ናት ዐይኗን ወደ ሌላ የምትመልስልሽ። እሷ ይቅር ብላሻለች፤ ስሟን ግን አንቺ እንደያዝሽው ነው። አንገትሽን የሚያስደፋሽ ይኼ ነው።

የመጪው እሑድ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ተነሥተሽ ቁሚ። የሚያንሾካሽኩ ይኖራሉ፤ ያንሾካሽኩ። ያን ቀን የእሷን ስም በጠራሽበት ድምፅ ልክ፣ አሁን የራስሽን ጥሪ።