ከቢተው እጅ ጽዋውን ማን ይቀበል

በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት የገበሬ መንደር ድልነሣሁ የሚባል ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች፤ አራት ልጆች ትታለታለች። ሦስቱ ጎጆ ወጥተዋል። አራተኛው፣ ጥላዬ የሚባለው የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ ከአባቱ ጋር ያርስ ነበር። የአባቱን ዝምታ የማይፈራ እሱ ብቻ ነው። ከእርሻ ሲገቡ፣ «ዛሬ አባዬ ሦስት ቃል ተናገረ፤ ነገ በዓል ነው መሰል» ይላል። ድልነሣሁም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ሳቁን እንዳያይበት ነው።

ድልነሣሁ አንድ በሬ ብቻ ነበረው። ጎረቤቱ ቢተውም እንዲሁ አንድ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ገበሬዎች መቀናጆ ይገባሉ፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። በሐምሌ መባቻ ቢተው ከሩቅ ገበያ የገዛውን ቦራ የሚባል በሬ ይዞ መጣ። ድልነሣሁ በሬውን ዞሮ አየው። ጀርባው ሰፊ ነው። እግሩም ደህና ነው። የቀንዶቹ ጫፍ ግን በመጋዝ ተቆርጧል።

የበሬ ቀንድ በከንቱ እንደማይቆረጥ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን በዚያ አገር የመቀናጆ ባልንጀራን «በሬህ ይዋጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ውሸታም ነህ ብሎ እንደ መስደብ ነው። የበሬውን ጠባይ ባለቤቱ ራሱ ይናገራል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ቢተው አልተናገረም። ድልነሣሁም አልጠየቀም። በማግስቱ ቀንበሩን ለልጁ ሰጠው።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጥላዬ ቦራን ሊጠምድ ጎንበስ ሲል በሬው ከጎድኑ በታች አንሥቶ ከድንጋይ ካብ ላይ ጣለው። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ፣ ግማሽ መንገድ ላይ «አውርዱኝ» አለ። አወረዱት። አባቱን አየና የሚቀልድ ሰው ከንፈሩን እንደሚያንቀሳቅስ አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣውም። እዚያው አለፈ።

ከቀብር በኋላ ቢተው ቦራን እየነዳ መጥቶ ከድልነሣሁ ደጅ አቆመው።

«የፈለጋችሁትን አድርጉት» አለ።

«በሬ ምን አጠፋ» አለ ድልነሣሁ። በሬውንም መለሰለት።

በአርባው ቀን ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ድልነሣሁ መስቀል ተሳልሞ «ይቅር ብያለሁ» አለ። ሁለት ቃል ነው። አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

አላለቀም።

ድልነሣሁና ቢተው የአንድ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር አባላት ናቸው። በየወሩ በሃያ ሰባት ማኅበርተኞቹ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ደጋሹም በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ለሚቀጥለው ባለተራ በእጁ ያስረክባል። በዚያ ቀን ቄሱ፣ መምሬ ላቀው፣ የየቤቱን ሙታን ስም እየጠሩ ይጸልዩላቸዋል። በልቡ ቂም የያዘ ሰው ግን ያንን ጽዋ አይነካም። የድልነሣሁ ቤት ተራ ደግሞ ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ከቢተው ቤት ቀጥሎ ነው።

የመስከረም ሃያ ሰባት ደጋሽ ቢተው ነበር። ጽዋውን ሲዘረጋ ድልነሣሁ ሁለት እጆቹን ሰደደ። ስንዝር ሲቀረው እጆቹ ቆሙ። የማኅበሩ ሙሴ ጓንጉል፣ ማኅበሩን የሚመራው እሱ ነው፣ ነገሩን ሊያቀለው ፈልጎ፣

«ድልነሣሁ፣ ቃል ስትቆጥብብን ለምደነዋል። እጅም ልትቆጥብ ነው?» አለ።

ማንም አልሳቀም።

«እምቢ አለኝ» አለ ድልነሣሁ።

«ማን?»

«እጄ።»

ማኅበሩ መከረ። ጽዋው እስከ ጥቅምት ሃያ ሰባት በቢተው ቤት ይቆይ፤ በዚያን ቀን ድልነሣሁ ራሱ ይቀበል፤ ካልሆነለት ከሦስቱ ልጆቹ አንዱን በወንበሩ ይተካና የተተካው ይቀበል፤ ይህም ካልሆነ የቤቱ ተራ ይሰረዝ ተባለ። የቤት ተራ ከተሰረዘ የሙታኑም ስም አይጠራም። የጥላዬ ስም ገና ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የተጠራው።

ድልነሣሁ የገዛ እጁን ያውቀዋል፤ በአንድ ወር አይታዘዝም። ስለዚህ ልጆቹን አንድ በአንድ ማሰብ ጀመረ።

የበኩር ልጁ አንዳርጌ በቀብሩ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዱላውን ይዞ ቢተው ደጅ ሄዷል። ድልነሣሁ ሊመልሰው ከኋላ ተከትሎት ነበር። አንዳርጌ ከልጅነቱ «አያ ቢተው» እያለ አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው፣

«አንተ! ውጣ!» አለው።

ቢተው ወጣ።

«ቀንዱን የቆረጥኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደሚዋጋ አውቀህ ነዋ!»

«አውቄ ነው። ብናገር ማን አብሮኝ ይጠምዳል? ያየ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።»

ድልነሣሁ ይህን ሰማ። ባለበት ቆመ።

አንዳርጌ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ያልተናገረው አልቀረም። በመጨረሻ ዱላውን በጉልበቱ ሰብሮ ጣለና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ቢተውን በመንገድ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል፤ ከኋላው አንድ ቃል አያነሣበትም። «ያለኝን ፊቱ ላይ ጨርሼዋለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። የቢተው የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ግን ያን ዕለት ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንተባተባለች። የአንዳርጌን ድምፅ ስትሰማ ከአልጋ ሥር ትገባለች።

ሴት ልጁ ብርቅነሽ ሌላ አደረገች። በዚያ ሰሞን የቢተው ሚስት አራስ ነበረች። መንደሩ በቢተው ስላዘነ አራስ የሚጠይቅ ጠፋ። ወንድሟ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ብርቅነሽ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤውን በመሐሉ አድርጋ፣ በሐዘን ልብሷ ተሸክማ ሄደች። ሰው ሁሉ ከደጁ ሆኖ አያት። አንዲት ጎረቤት፣

«አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽ አፈር ሳይደርቅ?» አለቻት።

«አራስ ናት» አለች ብርቅነሽ። አለፈች።

አርባ ቀን ሙሉ አራሷን ያጠበችው፣ እንጨትና ውኃ ያቀረበችላት እሷ ናት። ነገር ግን ለጥላዬ አንዲት እንባ አልወጣትም። ስሙ ሲነሣ ብድግ ትልና ሥራ ትፈልጋለች። የወደቀበትን ማሳ በሩቅ ዞራ ትሄዳለች። በሁለተኛው ወር ጡቷ ደረቀ፤ የራሷን ጨቅላ በፍየል ወተት ታሳድገዋለች። ድልነሣሁ፣

«ቂም አለብሽ?» አላት።

«የለብኝም አባዬ።»

ይህን ብላ ወዲያው እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

ሦስተኛው ዘለቀ ነው። ዘለቀ ሽማግሌዎቹ ባስታረቁ ዕለት ከመስቀሉ ፊት ሲደርስ ወደ ኋላ ተመለሰ። ንስሐ አባታቸውን መምሬ ላቀውን፣ «አባ፣ ይቅር አላልሁም፤ እግዜር ፊት አልዋሽም» አላቸው። ሥጋ ወደሙን ይቀበል የነበረው ሰው ራሱን ከለከለ። ማለዳ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅሳል፤ «ይህን ነገር ውሰድልኝ» እያለ ይለምናል። አንድ ማለዳ ቢተው መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ዘለቀ፣ ልጄ» አለው።

«አያ ቢተው፣ ዛሬም አልቻልሁም። ነገ ደግሞ እለምነዋለሁ» አለው፤ ፊቱን ሳያዞር ሄደ።

ቢተውን አልሰደበውም። ልጁን አላስደነገጠበትም። በአንጻሩ አንዲት ጭልፋ ውኃ እንኳ አላቀበለውም። የዘለቀን ጤፍ አረም ዋጠው። ሚስቱ፣ «አንተ ለወንድምህ ታለቅሳለህ፤ ለጤፉ ደግሞ እኔ ላልቅስለት?» ትለዋለች። መንደሩም፣ ቁስሉን እየነካካ እንዳይድን ያደርገዋል ይላል።

ድልነሣሁ ይህን ሁሉ ይዞ ወደ መምሬ ላቀው ሄደ። መምሬም የሦስቱን ነገር አንድ በአንድ አነሡ።

«አንዳርጌን ደህና አደረግህ ብዬዋለሁ፤ ቁጣውን አላሳደረም። ከዚያ ግን የቢተውን ልጅ አየኋት። ብርቅነሽን ባርኬያታለሁ፤ ጠላትን ውደዱ የተባለውን በእጇ ሠርታዋለች። ከዚያ ግን ጨቅላዋን አየሁት። ጌታ ራሱ በወዳጁ መቃብር ላይ አልቅሷል፤ እሷ ለምን አታለቅስም? ዘለቀን መከርሁት፤ በጸሎቴ ሳስበው ግን ከሁላችንም እውነቱን የያዘ እሱ ይመስለኛል። ከዚያ ደግሞ፣ ይቅር ካላላችሁ ይቅር አትባሉም የሚለው ቃል ትዝ ይለኛል።»

«እንግዲያ ማንን?» አለ ድልነሣሁ።

«አላውቅም ልጄ። ጸልይ።»

«ጸለይሁ። ዝም አለኝ።»

«አንተን መስሎ ይሆናላ» አሉና መምሬ ሊስቁ ሞከሩ። ከዚያ ፊቱን አይተው ተዉት። «ድልነሣሁ፣ ያልነገርኸኝ ነገር አለ?»

ድልነሣሁ አፉን ከፈተ። ያ የተቆረጠ ቀንድ በዓይኑ ላይ ነበር። «አይቼ ነበር» ሊል ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሲውጥ የኖረ ሰው፣ የሚተፋው ቀን ሲመጣ አያውቅበትም። መስቀላቸውን ተሳልሞ ወጣ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ደረሰ። ማኅበርተኞቹ በቢተው ቤት ተቀመጡ። ድልነሣሁ ሦስቱን ልጆቹን አስከትሎ ገባ። መምሬ ጸሎት አደረሱ። ስም ወደ መጥራቱ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የቤቱ ነገር ሳይለይ የጥላዬን ስም መጥራት አይችሉም። ቢተው ጽዋውን አንሥቶ ከቤቱ መሐል ቆመ።

ድልነሣሁ መጀመሪያ ራሱ ሞከረ። እጆቹ ከጭኑ ላይ አልተነሡም።

«እንግዲህ ዛሬ ከአንተ የምንፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው» አለ ጓንጉል፤ በዚህ ጊዜ እየቀለደ አልነበረም። «ስም ጥራ።»

«እኔ ልቀበል አባዬ» አለ አንዳርጌ። «ከአያ ቢተው ጋር ጨርሻለሁ፤ በሆዴ የቀረ የለም።» ድምፁ እንደ ተሰማ ከመጋረጃው ኋላ ትንሽ እግር ሮጦ ከአልጋው ሥር ሲገባ ሁሉም ሰሙ።

«እኔ ልቀበል» አለች ብርቅነሽ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ይህን ቤት ሳገለግል ከርሜያለሁ።» ዓይኗ እንደ በጋ ምንጭ ደርቋል።

ዘለቀ ከደጃፉ ወደ ውስጥ አላለፈም። «እኔ አልችልም» አለ። «ከጠራኸኝ ግን እመጣለሁ። እጄ እምቢ ቢል ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ይበል።» እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ቢተው ጽዋውን እንደ ያዘ ነው። ክንዱ ዝሏል። ዓይኑ ከልጆቹ ላይ ተነሥቶ ድልነሣሁ ላይ አረፈ፤ በማንም ላይ ሳይፈርድ፣ ያን በሬ ይዞ በመጣበት ቀን እንዳየው አየው። ቢተው በቀብሩ ዕለት ያለው ነገር ለድልነሣሁ ያኔ ነው የገባው፤ በሬውን ያመጣ ዕለት ቆሞ ይጠብቅ የነበረው የእሱን ጥያቄ ነው። ድልነሣሁ ቀንዱን አይቶ እንዳልጠየቀ በዚያ ቤት የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ጓንጉል እንደገና «ስም ጥራ» አለ።

ድልነሣሁ ተነሣ። ሦስቱን ልጆቹን በየተራ አየ። ማንኛቸውንም ሐዘንን እንዲህ ያዝ ብሎ አላስተማራቸውም፤ እንዴት እንደሚቆጡ፣ እንዴት እንደሚያለቅሱ፣ እንዴት ይቅር እንደሚሉ ከእሱ አንድ ቃል አልሰሙም። እያንዳንዳቸው ሐዘኑን እንደ ሆነላቸው ተሸከሙት። አሁን ግን አንዱን መጥራት አለበት፤ ካልጠራ የጥላዬ ስም ከማኅበሩ ጸሎት ይወጣል።

አፉን ከፈተ።

ይህን ታሪክ ለእኔ የነገሩኝ ሰዎች እዚህ ላይ ዝም አሉ፤ እኔም ከዚህ ወዲያ አልጨምርም። የሰማችሁ ፍረዱ። ቁጣውን በፊት ለፊት አውጥቶ የጨረሰው አንዳርጌ፣ ሐዘኗን ውጣ የበደላትን ቤት ያገለገለችው ብርቅነሽ፣ ወይስ አልቻልሁም ብሎ ዕለት ዕለት በእግዜር ደጅ የሚያለቅሰው ዘለቀ፤ ያን ጽዋ ከቢተው እጅ መቀበል የሚገባው ማን ነው?