ማንም ያላየው ፊልም

ብልግና በዝቶበታል የተባለ አንድ የቀልድ ፊልም ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ መጣ። ሲገባ እንዳይታይ ሰው ሁሉ ቀረና ሲኒማ ቤቱ ለባዶ ወንበር አሳየ። የዚያው ፊልም ካሴት ግን ቪዲዮ በምታከራይ አንዲት ሴትዮ ሱቅ አድሮ አያውቅም፤ በነጠላ ስር ይወጣል፣ በጋቢ ስር ይመለሳል።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ጥሩነህ ወሬው ሲደርሳቸው ስብሰባ ጠሩና ሴትዮዋን መሀል አቆሟት።

«ሕዝባችን ጨዋ ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ባዶ መዋሉ ምስክር ነው። ታዲያ ይህን ጉድ ካንቺ የሚከራየው ማነው? በስም ጥሪ። እምቢ ካልሽ ሱቅሽ ይታሸጋል።»

አዳራሹ አቀረቀረ። ብትጠራ ደንበኛ አይተርፋት፣ ባትጠራ ሱቅ። ሴትዮዋም፣

«እሺ ጋሽ ጥሩነህ፤ ብቻ ከሌላ ፊልም እንዳላምታታው፣ ያ ሙሽራው ሱሪውን ፍለጋ ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ አማቱ ከታች ሆነው...» አለች።

ሳትጨርሰው አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት አቶ ጥሩነህም አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን አልታዘዝ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሴትዮዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«እንግዲህ ልጥራ፤ ከመድረኩ ልጀምር ወይስ ከአግዳሚው?»