ደሞዝ የማይጠይቁ ዘበኞች

ወደ ጓሳ በር መንደር የመጣ እንግዳ ስለ ንብ የምትነገረዋን አባባል ሲሰማ የማር ነገር ይመስለዋል። የማር ነገር አይደለችም። አባባሏ የወጣችው ከአንድ ቤት ጓሮ ነው፤ ቤቱም ዛሬ ድረስ አለ። ባለቤቶቹ በሕይወት ስላሉ የአገሩ ሰው እነሱ ባሉበት አይተርታትም፤ ዘወር ሲሉ ግን ትነገራለች።

የቤቱ ጌታ ይግዛው ይባላል። ስስታም ነበር የሚሉ አሉ፤ ሚስቱ አንጓች ግን ዛሬም ቢሆን እንዲህ ብላ አታማውም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። አባቱ በሆድ ሕመም ሲሰቃዩ ቤቱ ውስጥ በሬ እንጂ ብር አልነበረም። በሬው ገበያ ወርዶ ገዢ እስኪያገኝ ሁለት ቀን አለፈ፤ ይግዛው ብሩን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ የተቀበለው ለቅሶ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጥሬ ብር በሌለበት ቤት አላድርም» አለ። ባንክ ከተማ ነው ያለው፣ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ይዘጋል። «ሞት በዓል አያከብርም» ይል ነበር ይግዛው።

ባሕር ዛፉን ሸጦ ሃያ ሺህ ብር ሲያገኝ መጀመሪያ ጎተራው ሥር ቀበረው፤ ምስጥ ፈራ። ትራሱ ውስጥ ከተተው፤ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጓሮው ጣሪያ ሥር በተሰቀለ፣ ንብ ጥሎት ከሄደ በከረመ አሮጌ ቀፎ ውስጥ አስቀመጠው። ክዳኑን በእበት ለጥፎ ሲያበቃ አንጓችን በልጃቸው በደብሬ ስም አስማላት፤ ለማንም ላትናገር።

«ሁለት ሺህ እንኳ ለእኔ ስጠኝ» አለችው። «በመቀነቴ ቋጥሬ ልያዘው።»

«አንቺ እጅ የገባ ገንዘብ የጎረቤት ነው። አንዷ አልቅሳ ስትመጣ ትፈቺዋለሽ።»

እውነቱን ነው፤ አንጓች ትፈታው ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ መንጋ ንብ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በጓሮው ላይ ዞረ ዞረና ያንን ቀፎ መርጦ ገባ። አንጓች እየሮጠች ባሏን ከማሳ ጠራችው።

«ሳይደላደሉ አሁኑኑ አውጣው!»

ይግዛው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ሲያይ ቆየና ሳቀ። «ምን በወጣኝ! እግዜር ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ልኮልኝ እኔ ላባርር?»

ዓመት አለፈ። የመንደሩ ማር ቆራጭ አያ ታፈረ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር በንብ ጭስ የከሰለ ሽማግሌ፣ ባለፉ ቁጥር ቆም ይላሉ።

«ይግዛው፣ ቀፎህ ጢም ብሏል። ልቁረጥልህ?»

«አይቆረጥም።»

«ስለት ነው እንዴ?»

«ስለት በሉት፣ አያ ታፈረ።»

«ማር የበዛባት ንብ ክፉ ናት። የምትጠብቀው አላታ!»

«እኔም የምፈልገው ክፉዋን ነው» ይላል እየሳቀ፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ማሩን የማይቆርጥ ሰው ተብሎ መንደሩ ተሳለቀበት። እሱ ግን ግድ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት የጎረቤታቸው የበላይነህ ልጅ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ በላይነህ ለመኪና ብር ፍለጋ መጣ። ይግዛው «እኔ ከየት አምጥቼ?» አለው። አንጓች በላይነህ ሲወጣ ተከትላ አንዲት ዶሮ አስታቀፈችው። አንዳንዴ ማታ «ለመሆኑ ብሩን አይተኸዋል?» ትለዋለች ባሏን።

«ንቦቹ አሉ አይደል?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ብሩም አለ።»

በሁለተኛው ጥቅምት ደብሬ ልትወልድ ከእናቷ ቤት ገባች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ባሏም ለሰሊጥ አጨዳ በረሃ ወርዶ ነበር። ምጧ በጠዋት ያዛት። ስድስት ሰዓት ላይ ከጤና ኬላ የመጣችው ሠራተኛ ሆዷን ዳስሳ ፊቷ ተለወጠ።

«ልጁ በጎን ነው የመጣው። እዚህ አይሆንም፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፤ እስኪመለስ አትጠብቁ።»

ሰዎች ደብሬን በቃሬዛ ወደ ግቢው በር አወጧት። ለገበያ ጭነት የመጣ አንድ አይሱዙ ተገኘ፤ ሾፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም።

«እወስዳታለሁ፤ ግን ነዳጅ የለኝም። የመቅጃውን ብር በእጄ ስጡኝና እንሂድ።»

«ብር አለ!» አለ ይግዛው። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ፤ አንጓች ያንን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ለአባቱ ያልደረሰው ለልጁ ሊደርስላት ነው።

ክንዱን ያዘችው። «ፀሐይ ናት እኮ! በዚህ ሰዓት ቀፎ አይነካም። ከጎረቤት እንበደርና ሲመሽ ታወጣዋለህ።»

«ሃያ ሺህ ብር እያለኝ በር ለበር ልለምን? በላይነህንም?»

ኩበት ለኩሶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ጓሮ ገባ። ኩበቱ ገና በወጉ አልጨሰም። ለአንድ ዓመት ማንም ነክቷቸው የማያውቅ ንቦች ክዳኑ ገና ላላ ሲል እንደ ጎርፍ ወረዱ። መጀመሪያ የይግዛው ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ ግቢው ጠቆረ። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ደብሬን አስቀምጠው ሮጡ። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ፣ ፊቱን በክንዱ እየመታ፣ አይሱዙውን አስነስቶ በረረ። አንጓች ያላትን ሁሉ ልጇ ላይ ጣለች፤ ነጠላውንም፣ ቁርበቱንም፣ በመጨረሻም ራሷን። ንቡ ጀርባዋን ሲነድፋት ከሥሯ የደብሬን ትንፋሽ ትቆጥር ነበር።

አያ ታፈረ በጭሳቸው ደርሰው ንቡን እስኪያረግቡ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ይግዛው ዓይኑ እስኪጠፋ አብጦ፣ ቀፎውን ሰንጥቆ፣ ጨርቁን አውጥቶ ነበር። ጨርቅ ማለት ይከብዳል። ንቦቹ ከቤታቸው የማይፈልጉትን እየቀደዱ ሲያወጡ ከርመዋል፤ ማውጣት ያልቻሉትን በሰም ለጥፈውበታል። በመዳፉ ላይ የቀረው የብር ቁርጥራጭ የተጣበቀበት የሰም እንጎቻ ነበር።

አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ከግቢ ወጣች። መጀመሪያ የጣለላት በላይነህ ነው፤ ሚስቱ ከመቀነቷ የፈታችውን ጨመረችበት።

«አንጓች እህቴ፣ ከቀትር ጀምሮ ምን ስትጠብቁ ነው? ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?»

የሰባት ቤት ሰው ያዋጣው፣ አንድ እንጀራ ተበልቶ በማያልቅበት ጊዜ፣ ከነዳጁ ተርፎ ነበር። መኪና ግን እንደገና እስኪፈለግ መሸ።

ደብሬ ተረፈች። ልጁ፣ ወንድ ነበር፣ አልተረፈም። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን» ብሎ የቀረውን ዋጠው። አንጓች በልቧ ቆጠረችው፤ ከቀትር ወዲህ የባከነው ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር። ደብሬ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ሁለቱንም በእናቷ ቤት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሊያጽናና መጥቶ ተቀመጠ። ይግዛው ማንም ሳይጠይቀው የሰሙን እንጎቻ ከኪሱ አወጣ። «ብር እኮ ነበረኝ» አለ። አንዱን አይቶ ወደ ሌላው ዞረ። «በላይነህ፣ ነበረኝ እኮ።» በላይነህ አንገቱን ደፋ። እግሩ የተሰበረው ልጁ የሚደገፍበት ምርኩዝ ከጎኑ ያለ ይመስል እጁ መሬቱን ዳሰሰ።

አንጓች በጓዳው በር ቆማ ነበር። ልጇን ክፉ እንዳያገኛት ብላ፣ በልጇ ስም የማለችውን መሐላ እስከ መጨረሻ ጠብቃ ነበር።

አያ ታፈረ ሰሙን ከይግዛው እጅ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ጥፍር የምታህል የብር ቁራጭ ታየች። ሊቆጡ ይሆናል ብሎ ቤቱ ጠበቀ።

«ንብ እጅ ታያለች እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አታይም፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ ሰሙንም መልሰው በመዳፉ ላይ አስቀመጡለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት። «ለሌባ ያሉት ንብ ባለቤቱን ነደፈ።»