የሻሼ ሕመምና ሦስቱ አዋቂዎች

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ ምላስ ብቻ ያላችሁ እዚያው ቆዩ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ገበሬ ቤት ሻሼ የምትባል ድመት ነበረች። ጭንቅላቷ ነጭ፣ ሌላው ገላዋ ጥቁር። አይጥ ስሟን ሲሰማ የገዛ ጉድጓዱ ይጠፋው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ሻሼን ምግብ አስጠላት። የቀመሰችውን ታስመልሳለች። ከሳች፣ ከሳች፣ ጎድን አጥንቷ ወጣ። አይጦቹ በፊቷ እያለፉ «እንደምን አደርሽ?» ይሏት ጀመር። ከሕመሙ ይልቅ ይኸ አንገበገባት።

ወደ አውራ ዶሮ ሄደች። አውራ ዶሮ «እኔ ካልጮህኩ ፀሐይ አትወጣም» የሚል ፍጡር ነው። የድመት ሆድ ታዲያ ምን ያቅተዋል?

«አያ ዶሮ፣ አሞኛል» አለችው።

«ዓይን ነው!» አለ ሳያስጨርሳት። ዞሮ እንኳ አላያትም። «ዓይን በልቶሻል። ጢስ ታጠኚ።»

ታጠነች። አንድ ወር ሄደ። ያተረፈችው ሳል ብቻ ነው።

ወደ ፍየል ሄደች።

«እመት ፍየል፣ አሞኛል።»

«የሆድ ትል ነው!» አለች ፍየል እያመነዠከች። «መራራ ቅጠል ብዪ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስበላ ምን ሆንኩ?»

«አንቺ ፍየል ነሽ፤ እኔ ድመት ነኝ።»

«ሆድ ሆድ ነው!»

በላች። ሁለተኛው ወር ሄደ። ቅጠሉም ተመልሶ ወጣ።

በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መስታወት ጠየቀች።

«ምን ሆንሽና?» አለ መስታወት። «ወገብሽ ቀጥኖ እንዴት አምሮብሻል! ባይሆን ትንሽ እርጅና ነው።» ከፀጉር በታች አንድም ነገር አይቶ አያውቅም፤ መመስከሩን ግን አልተወም።

ሦስተኛው ወር ሄደ። አንድ ጠዋት ሻሼ ጎተራው ላይ ልትዘል ስትል ወደቀች። ያን ጊዜ ልጇ ኩሌ ደግፋ፣ ወንዝ ዳር ወዳለችው መድኃኒት አዋቂ ወደ ጦጢት ወሰደቻት።

ጦጢት ቸኩላ አልተናገረችም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። አንገቷን ዳሰሰች፣ ብብቷን ዳሰሰች፣ ሆዷን ዳሰሰች። ሆዷ ላይ እጇ ቆመ።

«እዚህ ውስጥ ንፍፊት አብጧል» አለች። «በደምሽ ውስጥ ገላሽን ከበሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። እነሱ ያለ ልክ ተራብተው የሚጠብቁትን ቤት ማፍረስ ጀምረዋል። ነቀርሳ ነው፣ ሻሼ።»

«ዓይን አይደለም?»

«ማንም አልበላሽም።»

«ለልጄ ይተላለፋል?»

«ነቀርሳው ከአንዱ ወደ ሌላው አይሄድም።»

«እድናለሁ?»

ጦጢት አልዋሸችም። «ትድኛለሽ አልልሽም። መድኃኒቱ ያስታግሰዋል፣ ዕድሜም ይጨምርልሻል። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ቀደም ብለሽ ብትመጪ ግን ይሻል ነበር።»

«ሦስት ወር አዋቂዎች ዘንድ ስመላለስ ነበር» አለች ሻሼ።

«ሆድሽን የዳሰሰው የትኛው ነው?»

ሻሼ አሰበች፣ አሰበች። አንድም አልነበረም። አፈረች፤ ከዚያም ተናደደች።

መድኃኒቱን ዋጠች። በሁለተኛው ሳምንት ወተት ጠጣች፣ በአራተኛው አይጥ ያዘች። ዓመት ሙሉ ኖረች፤ በዚያም ዓመት ኩሌን አድብቶ መያዝን አስተማረቻት። ከዚያ በሽታው ተመለሰና፣ በልጇ እቅፍ ውስጥ አሸለበች።

ለቅሶው ላይ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ። «ዓመት ያኖራት የእኔ ጢስ ነው!» አለ።

«ምን ሲደረግ! የእኔ ቅጠል ነው!» አለች ፍየል።

«እስከ መጨረሻው አምሮባት ነበር» አለ መስታወት ከግድግዳው ላይ።

ኩሌ ቀና አለች። «እመት ጦጢት ለእናቴ ዓመት ሰጠቻት። እናንተ ሦስት ወር ቀማችኋት። አሁን ደግሞ ለቅሶዬን አትቀሙኝ። ውጡልኝ!»

መስታወትም ከግድግዳው ወርዶ፣ ሦስቱም ወጡ። በር ላይም ማን እንደፈወሳት ይጨቃጨቁ ነበር።

እናንተም ስትታመሙ፣ ሳይጠይቅና ሳይዳስስ መልስ ከሚያዘንብባችሁ ሽሹ፤ «አላውቅም» ለማለት የማያፍረውን ፈልጉ።