ሽመላዎቹን መሸኘት የጠላው ንጉሥ

«ተረት ተረት፣ ልጆች።»

«የመሠረት።»

በድሮ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖር ንጉሥ ነበር። ሰፊ መናፈሻ ነበረው። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ፣ ነጫጭ ሽመላዎች ከሩቅ አገር መጥተው እዚያ ያርፉ ነበር። ዓሣና አንበጣ በልተው፣ ክንፋቸውን አሳርፈው፣ ወደ ደቡብ ይቀጥላሉ። የአገሩ ሰው ቆሎውን ቋጥሮ ሊያያቸው ይወጣል። ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል።

ከሰዎቹ መካከል አንማው የሚባል ታንኳ ሠሪና ትዋብ የምትባል ትንሽ ልጁ ነበሩ። ድሮ ወፎቹን ለትዋብ የምታሳያት እናቷ ነበረች። በዚያ ክረምት እናቷ ሞተች። መስከረም ሲጠባ አባቷ ይዟት ወጣ። እሱ ወፎቹን በደንብ አያውቃቸውም።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ዳክዬ ነው። ሽመላ እግሩ ረጅም ነው።»

«እሺ፣ እመቤቴ» ይላታል።

ንጉሡም በልጅነቱ እናቱ ሞታበት ነበር። ከዚያ ወዲህ መለያየት አይወድም። ስቆ እንኳ አያውቅም። አንድ ቀን ሽመላዎቹ ሊሄዱ ክንፋቸውን ሲያራግቡ አየ።

«መናፈሻው ላይ መረብ ዘርጉ» ብሎ አዘዘ።

መረቡ ተዘረጋ። ሽመላዎቹ ተነሡ፤ መረቡ መለሳቸው። ትዋብ አለቀሰች።

አንዲት አሮጊት ሽመላ አንገቷን በመረቡ ቀዳዳ አወጣችና አንማውን በሰው አንደበት አነጋገረችው። «ሐይቁ በበጋ ይጎድላል። እዚህ ከቀረን በረሃብ እናልቃለን። ንጉሡን ለምንልን።» ከክንፏም ሦስት ላባ ነቅላ ለአንማው ሰጠችው። «እያንዳንዱ ላባ የጠየቅኸውን ይሆንልሃል» አለችው።

አንማው ንጉሡ ዘንድ ሄዶ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ሽመላዎቹ ይሂዱ።»

«እንግዳ ሊሄድ ሲነሣ ቆይ አይባልም እንዴ? አንተ ቤት እንዴት ነው?»

«ቆይ እንላለን፣ ጃንሆይ። ደጋግመን እንላለን። በሩን ግን አንቆልፍም።»

ንጉሡም፣ «የሄደ ምንም አይተውልህም» አለ። «የሄደ ሰው ትቶት የሄደው፣ የማይጠፋ ነገር ካለ አምጣና አሳየኝ። ያን ጊዜ መረቡን አነሣለሁ።»

አንማው የመጀመሪያውን ላባ፣ «ፀሐይ ያሞቀችው ድንጋይ ሁን» አለው። ላባው ድንጋይ ሆነ። ንጉሡ ታቀፈው። ፀሐይ ጠለቀች፤ ሙቀቷ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ቆይቶ ግን ድንጋዩ ቀዘቀዘ።

«ውሰድልኝ» አለ ንጉሡ።

በማግሥቱ ሁለተኛውን ላባ፣ «ዝናብ ያለፈበት አፈር ሁን» አለው። ላባው አፈር ሆነ። ንጉሡ አሸተተው፤ ደስ አለው። ከሰዓት በኋላ አፈሩ ደረቀ፤ ሽታው ጠፋ።

«ይኸውልህ» አለ ንጉሡ።

በሦስተኛው ቀን አንማው የሚጠይቀው ጠፋው። ላባውን ይዞ ንጉሡ ፊት ቆመ። ትዋብም አብራው ነበረች።

«አባዬ፣ ስጠኝ።»

«ምን ልትጠይቂው ነው?»

«ምንም።»

ላባውን ተቀብላ ወደ ዙፋኑ ሄደች። ንጉሡ ጫማውን አውልቆ ነበር። ተንበርክካ ውስጥ እግሩን ኮረኮረችው።

ጠባቂዎቹ ደነገጡ። ንጉሡ ከንፈሩን ነከሰ፤ ጉንጩን ነፋ፤ አልቻለም። ሳቀ። ሳቁ ቀጭን ነበር፤ መሃል ላይ እንደ ስቅታ ይቆራረጣል።

ጥግ ላይ ጥጥ ትፈትል የነበረችው አሮጊት ሞግዚቱ እንዝርቷን ጣለች።

«ይሄ የእናትህ ሳቅ ነው፣ ልጄ።»

«እማማ፣ እናቴ ከሞተች እኮ ዘመን አልፏል።»

«እሷማ ሄደች። ሳቋን ደብቀህብን የኖርከው አንተ ነህ።»

ንጉሡ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ እንደገና ሳቀ፤ ሊሰማው ብሎ። ሳቁ አልቀዘቀዘም፤ አልደረቀም።

ትዋብ፣ «ይኸው አሳየንዎት። አሁን መረቡን ያንሡ» አለች።

«ይነሣ» አለ ንጉሡ።

መረቡ ተጠቀለለ። ሰዉም እንደ ልማዱ፣ «ቆዩ እንጂ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» አላቸው። ሽመላዎቹ ለይሉኝታ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተነሡ። ንጉሡ በባዶ እግሩ እስከ ውኃው ዳር ሸኛቸው።

ትዋብ ፀሐዩን በመዳፏ ከልላ ሽቅብ አየች። ትንሿ ጣቷ ብቻዋን ቀና ብላለች። እናቷም ወፍ ስታይ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ትዋብ ይህን አታውቅም። አንማው ሽመላዎቹን ትቶ እጇን ያይ ነበር።

ልጆች፣ የሚሄደውን በመረብ አንይዘውም። የሄዱብን ሰዎች ግን እኛ ላይ የተዉት ነገር አለ፤ እሱን አንደብቀው።

ተረቴ በረረ፤ እናንተ ዘንድ አደረ።